በሰማይ ያለችውን ላም ስንጠብቅ

ሰሞኑን ስለ ትምህርት ቴክኖሎጂ ሊመከርበት በተጠራ አንድ ስብሰባ ላይ ከመድረክ የተነገረች አንዲት ነገር ከጆሮዬ አልወጣ ብላለች። ተናጋሪው የትምህርት ኃላፊ ናቸው። ስማቸውን መጥራት አያስፈልግም፤ እሳቸው ያሉትን የሚሉ ብዙ ናቸው። ኢንተርኔት ላልደረሳቸው ትምህርት ቤቶች ታስቦ የነበረው፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ በአንዲት ሳጥን የሚያዝ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ለምን ከዕቅዱ እንደተሰረዘ ሲጠየቁ፣ «እሱ የድሃ ኢንተርኔት ነው። የሳተላይት ኢንተርኔቱ ሲመጣ ለሚጣል ዕቃ ለምን ገንዘብ እናወጣለን?» ብለው መለሱ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ እጄን ኪሴ ውስጥ እንደከተትኩ ቀረሁ።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለውን ተረት ያቆዩልን ሰዎች ሳተላይት ምን እንደሆነ አያውቁም ነበር። ቢያውቁም ኖሮ ለዚህ ጉዳይ ከዚህ የተሻለ ተረት አያገኙለትም። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፤ የተረቱ ሰው ቢያንስ በደጁ የታሰረችውን ላም ሸጦ ወደ ሰማይ አላንጋጠጠም።

ኃላፊው ጣል ካደረጓቸው ነገሮች በጣም ደካማዋ፣ በሳጥን የተቀመጠ ዕውቀት «በስድስት ወር ያረጃል» የምትለዋ ናት። ምኑ ነው የሚያረጀው? የፓይታጎረስ ቀመር ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እስካሁን አንድም ባለ ቀጥተኛ ማዕዘን ሦስት ማዕዘን ቅሬታ አላቀረበም። ቅጠል ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚያዘጋጅበት መንገድ በስድስት ወር ይለወጣል? የማባዛት ሰንጠረዥስ? ጀርባው ተገንጥሎ፣ የመጀመሪያ አሥር ገጾቹ ጠፍተው፣ ከታላቅ ወደ ታናሽ ሲተላለፍ የኖረውን የታተመ መማሪያ መጽሐፍ «አረጀ» ብሎ ከክፍል ያስወጣ ኃላፊ እስካሁን አላየሁም። ዲጂታል ሲሆን ብቻ ዕውቀት እንደ እንጀራ የሚሻግት መስሎ የሚታያቸው ለምን እንደሆነ ቢያስረዱን ጥሩ ነበር። ይዘቱን ማደስ ካስፈለገም አዲሱን ቅጂ በሃርድ ዲስክ ይዞ በየመንፈቁ መሄድ ነው። መኪና ወይም በቅሎ ይበቃል፤ ሮኬት አያስፈልግም።

ነገሩ ምን እንደሆነ ለማያውቅ በአጭሩ፣ የእጅ መዳፍ የምታህል ኮምፒውተር፣ አንድ ሜሞሪ ካርድ ወይም ሃርድ ዲስክ፣ ዋይፋይ የሚያሰራጭ ራውተር፣ በቃ፤ ሳጥን የምላት እሷን ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ለገበያ የቀረበችውን ራስበሪ ፓይን የመሰለች መሣሪያ ትበቃለች፤ አራተኛው ትውልዷ እንኳ የሚመከርላት የኃይል ማስተካከያ 15 ዋት ነው፣ አነስተኛ የፀሐይ ኃይል የሚሸከመው። በ2007 የተጀመረው ኪዊክስ የተባለ ነፃ ሶፍትዌር የእንግሊዝኛውን ዊኪፔዲያ ከነሥዕሉ በ100 ጊጋባይት አካባቢ ጨምቆ ጥፍር በምታህል ካርድ ላይ ያስቀምጠዋል። ኮሊብሪ የተባለው ሌላ ነፃ ሶፍትዌር ደግሞ የትምህርት ቪዲዮዎችንና መልመጃዎችን ይዞ፣ የትኛው ተማሪ የት ላይ እንደተሰናከለ ለመምህሩ ያሳያል። መጻሕፍትን በነፃ የሚያቀርበው ፕሮጀክት ጉተንበርግ ከ70 ሺህ በላይ መጻሕፍት አሉት። ይህ ሁሉ አዲስ ግኝት አይደለም፤ በአሜሪካ የአይዋ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ገና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ኢግራነሪ ብለው ይዘት የሞላበት ሃርድ ዲስክ ለዩኒቨርሲቲዎች ያደርሱ ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ የተፈተነን ነገር «የሚጣል ዕቃ» ማለት ምን ዓይነት የጊዜ አቆጣጠር ነው?

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። «የድሃ ኢንተርኔት» የሚለው ስድብ ያናደደኝ ስድብ ስለሆነ አይደለም፤ ስህተት ስለሆነ ነው። ኢንተርኔት ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ካለማወቅ የመጣ ስህተት።

እስቲ አብረን እናስላ። አንድ ትምህርት ቤት ኢንተርኔት ገባለት እንበል፤ ፍጥነቱ በሰከንድ 2 ሜጋቢት። የባዮሎጂ መምህሯ ስለ ልብ አሠራር የአምስት ደቂቃ ቪዲዮ ለተማሪዎቿ ልታሳይ ትፈልጋለች፤ ቪዲዮው 30 ሜጋባይት ነው (አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው)። ክፍሉ ውስጥ 40 ተማሪዎች አሉ፣ ሁሉም በየታብሌታቸው ይከፍቱታል። ለእያንዳንዱ የሚደርሰው በሰከንድ 50 ኪሎቢት ነው። ቪዲዮው ወርዶ የሚያልቀው ከ80 ደቂቃ በኋላ ነው። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ከሆነ፣ ደም ከቀኝ ወደ ግራ የልብ ክፍል ሳይሻገር ደወሉ ይደወላል ማለት ነው። «ፈጣኑ መስመር ይምጣ» ትሉኝ ይሆናል። ይምጣ! በሰከንድ 20 ሜጋቢት ይሁን። ከዚያስ? ጎረቤት ያሉት ዘጠኝ ክፍሎችም በዚያው ሰዓት መስመሩን ይከፍታሉ፤ አራት መቶ ተማሪ፣ ያው 50 ኪሎቢት፣ ያው 80 ደቂቃ። ይህም መምህራን በእረፍት ሰዓት ስልካቸውን ከዋይፋዩ ጋር ሲያገናኙ፣ ስልኩ ማንም ሳያዘው የራሱን ፕሮግራሞች ማደስ ሲጀምር የሚሆነውን ሳንቆጥር ነው። (ኢንተርኔት በገባለት አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ መስመሩን ማን እንደሚጨርሰው ለወራት ሲፈለግ ቆይቶ፣ የተገኘው ይኸው የስልክ እድሳት ነበር። ተማሪዎቹ ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ «ጨዋታ እያወረዱ ነው» እየተባሉ ተቀጥተዋል።)

ልብ በሉ፣ አርባው ተማሪ ያወረደው አንድን ቪዲዮ ነው። አንዱን ነገር አርባ ጊዜ፣ ከውቅያኖስ ማዶ። ያንኑ ቪዲዮ ክፍሉ ጥግ ላይ ያለች ሳጥን ብትይዘው ኖሮ ከውጭ የሚመጣ አንድ ባይት አያስፈልግም ነበር። ውኃ ለመጠጣት አርባ ሰው በየተራ ምንጭ ድረስ ተጉዞ በብርጭቆ እየቀዳ ይመለስ ወይስ አንድ ጋን ሞልተን እናስቀምጥ የሚል ጥያቄ ነው። ጋን «የድሃ ምንጭ» ነው የሚል ሰው ካለ ይምጣና ያስረዳኝ።

ሀብታሞቹስ ምን ያደርጋሉ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያስቀው። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ፊልሞቹን የተሸከሙ ሰርቨሮቹን ኢንተርኔት አቅራቢ ድርጅቶች ግቢ ውስጥ ያስቀምጣል፤ መስመሩ ጭር በሚልበት ሰዓት ይሞላቸዋል፤ ማታ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ፊልም የሚከፍተው ሰው የሚያየው ከሩቅ አገር የሚመጣ ሳይሆን ከሰፈሩ አቅራቢያ የተቀመጠ ቅጂ ነው። ጉግልም እንዲሁ ያደርጋል። አካማይ የተባለው ኩባንያ ከ1998 ጀምሮ የኖረው ይህንኑ ሥራ ሠርቶ ነው፤ ይዘትን ከተጠቃሚው አጠገብ ማስቀመጥ። እንግዲህ በዓለም ላይ ወፍራም መስመር ያላቸው ሰዎች እንኳ ይዘቱን በሳጥን አድርገው አጠገባቸው ያስቀምጣሉ። ይህ ለፊልም ሲሆን «ዘመናዊ ቴክኖሎጂ»፣ ለባዮሎጂ ትምህርት ሲሆን «የድሃ ኢንተርኔት»! ሳተላይቱ በመጣ ማግስት ሳጥኗን የሚጥል ትምህርት ቤት፣ ቧንቧ ገባልኝ ብሎ ጋኑን የሚሰብር ሰው ነው። ቧንቧው ሲቋረጥ ይመጣል።

የሚጠበቀው ነገር መቼ እንደሚመጣም እናስብ። ዩኔስኮ በ2023 ባወጣው ዓለም አቀፍ የትምህርት ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ ከኢንተርኔት ጋር የተገናኙት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች 40 በመቶ ብቻ ነበሩ። ዩኒሴፍና ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጊጋ የተባለውን ፕሮግራም በ2019 ሲጀምሩ በ2030 እያንዳንዱን ትምህርት ቤት እናገናኛለን ብለዋል። ጥሩ ዕቅድ ነው፤ አልተቃወምኩም። ግን በ2019 አንደኛ ክፍል የገባች ልጅ በ2030 አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትደርሳለች። ዕቅዱ አንድ ቀን ሳያሳልፍ ቢሳካ እንኳ ኢንተርኔቱ የሚደርስላት ዩኒፎርሟን ልታወልቅ ስትል ነው። «ትጠብቅ» የሚሉት ሰዎች ልጆች የሚማሩት የት እንደሆነ ብጠይቅ ነውር ነው ይሉኛል። እንግዲያው አልጠይቅም።

ሌላው ተደጋግሞ የሚመዘዘው ሰይፍ ፔሩ ነው። ለየተማሪው ላፕቶፕ ተሰጠ፣ ከዚያም የኢንተር አሜሪካ ልማት ባንክ አጥኚዎች በ2012 ባወጡት ጥናት በ319 የገጠር ትምህርት ቤቶች በሒሳብም በቋንቋም ውጤት ላይ ለውጥ አላገኙም። እውነት ነው። ግን ይህ ጥናት የሚመሰክረው ዕቃ አራግፎ መሄድ ማስተማር አለመሆኑን ነው። ታዲያ ጣሪያ ላይ ሳህን ሰቅሎ መሄድስ ምን ሊባል ነው? በሳጥኗ ላይ የተመዘዘ ሰይፍ ሁሉ መጀመሪያ የሚቆርጠው ያችኑ የሰማይ ላም ነው።

ሳጥኗ እንከን የላትም አልልም። ሳጥኗ ደብዳቤ አትልክም፣ የዛሬን ዜና አታውቅም። ዊኪፔዲያ ከ300 በላይ ቋንቋዎች ቢኖሩትም አብዛኞቹ እንደ እንግሊዝኛው አልበለጸጉም፤ ልጅ በማይገባው ቋንቋ የተሞላ ሳጥን ከግድግዳ አይሻልም። ኤሌክትሪክ በድንገት ሲቋረጥ ሜሞሪ ካርዱ ላይ ያለው ፋይል ሊበላሽ ይችላል፤ ትርፍ ካርድ በመሳቢያ ማስቀመጥ ግድ ነው። ግን ትልቁ ችግር ከእነዚህ አንዱም አይደለም፤ ቁልፍ ነው። የብረት ቁልፍ።

ሳጥኗ ቀድማ የደረሰችው አንድ ትምህርት ቤት ሄጄ «ሳጥኗ የታለች?» ብዬ ስጠይቅ ርዕሰ መምህሩ ወደ ቁም ሳጥን ጠቆሙኝ። ቁም ሳጥኑ ተቆልፏል። ቁልፉ ንብረት ክፍል ሠራተኛው ጋ ነው። ሠራተኛው ከተዛወረ ሰንብቷል። በስሙ የተመዘገበ ዕቃ ቢጠፋ ከደመወዙ ይቆረጥበታልና፣ በእሱ ቦታ ብሆን እኔም እቆልፍበት ነበር። ተፈልጎ ትርፍ ቁልፍ ሲገኝ ሳጥኗ ከፈተና ወረቀት ክምር ሥር ወጣች፣ ከነላስቲኳ። ሶኬት ላይ ስንሰካት አረንጓዴ መብራቷ ብልጭ ብልጭ አለ። የፊዚክስ መምህሩ ስልኩን አገናኘና «ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት የለም» የሚል ጽሑፍ ሲወጣ «ድሮም ተበላሽታ ነው» ብሎ ሊነቅላት እጁን ዘረጋ። ይህቺ አንዲት ጽሑፍ ስንት ሳጥን እንዳስቀበረች ማን ይቁጠርልኝ! «ቆይ» አልኩትና አድራሻዋን ጻፍንለት። ገጹ ተከፈተ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ፌት ከተባሉት የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ማሳያዎች አንዱን አግኝቶ ተማሪዎቹ በስክሪን ላይ ባትሪና አምፖል በሽቦ እያያያዙ ነበር። አንደኛው ልጅ ባትሪ በባትሪ ላይ ደረደረና ስክሪኑ ላይ እሳት ተነሣ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ «ለምን ተቃጠለ?» አለ፤ ስምንት እጅ ወጣ።

ሳጥኗን የገደላት ዘመን አይደለም፣ የቁም ሳጥን ቁልፍ ነው። ለመምህራኑ የሁለት ቀን ሥልጠና ተሰጥቶ፣ ንብረቱ በአንድ ሰው ስም ሳይሆን በትምህርት ቤቱ ስም ተመዝግቦ፣ ሳጥኗ ግድግዳ ላይ በምስማር ብትመታ የሚፈታ ነገር ነበር። እሱን ከማድረግ ዕቅዱን መሰረዝ ቀለለ።

ከስብሰባው ሳልወጣ ያየሁትን ልጨምር። ኃላፊው ንግግራቸውን ሲጨርሱ ሳተላይቱ ትምህርት ቤቶችን እንዴት እንደሚለውጥ የሚያሳይ አጭር ፊልም ተጋበዝን። ከኢንተርኔት ሊከፈት ተሞከረ። ግዙፉ ስክሪን ላይ ያች ክብ መሽከርከር ጀመረች። ተሽከረከረች። ኃላፊው በመሐረብ ግንባራቸውን ጠረጉ፣ አጠገባቸው የተቀመጡት እንግዳ ሰዓታቸውን አዩ። በመጨረሻ አንድ ወጣት ከኋላ ጎንበስ ብሎ መጣና ከኪሱ ፍላሽ አውጥቶ ላፕቶፑ ላይ ሰካ። ፊልሙ ሳይቆራረጥ ታየ።