ማስተካከያ፦ የስልክ ማሳያን ቢጫ የሚያደርገው ኤክስሬይ አይደለም

ሰሞኑን በደሴ ስልክ ጠጋኞች ዘንድ የሚዘዋወረው መልእክት፣ ስልክ ይዞ ኤክስሬይ መነሣት በመስታወቱና በማሳያው መካከል ያለውን ግልጽ ሙጫ ቢጫ ያደርጋል ይላል። ስሕተት ነው።

ከፍተኛ ጨረር እንዲህ ያለውን ሙጫ እንደሚያጠቁር እውነት ነው፤ ሞለኪውሎቹ ሲለወጡ ሰማያዊ ብርሃን ስለሚውጡ ቢጫነት ይታያል። ሆኖም በጠፈር ሌንሶች ሙጫ ላይ የተደረጉ የታተሙ ፍተሻዎች እንደሚያሳዩት፣ ይህ በአብዛኛው በሺህ የሚቆጠር ግሬይ (አንድ ነገር የሚውጠው የጨረር መጠን መለኪያ) ይፈልጋል። የደረት ኤክስሬይ የአንድ ግሬይ አንድ ሺህኛ እንኳ አይሞላም! ይልቅስ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ታክሲ ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ ሲመታው የሚውለው ስልክ ያሳስባል፤ አልትራቫዮሌትና ሙቀት ሙጫውን ያስረጁታል።

«ኤክስሬይ ነው ያበላሸው» ተብላችሁ የጥገና ዋስትና የተከለከላችሁ ደንበኞች፣ ተመልሳችሁ ጠይቁ።