ተከራካሪ ያጣ ጥናት

በዋሽንግተን ዙሪያ ልጁ ሐኪም የሆነለት አባት በሰንበቴም በለቅሶ ቤትም ደረቱን ነፍቶ ያወራል። ልጁ ከንግድ ትምህርት ቤት ወጥቶ የማኔጅመንት አማካሪ የሆነበት አባት ግን መከራውን ያያል።

«ማንን ነው የሚያማክረው?»
«ትልልቅ ኩባንያዎችን።»
«ታዲያ ሥራቸውን ሳያውቁ ነው ትልልቅ የሆኑት?»

በዚህ ሙያ እንጀራዬን መብላት ከጀመርኩ ወዲህ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አልገጠመኝም። ጄምስ ማኪንዚ የተባለው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ አያያዝ መምህር እ.ኤ.አ. በ1926 በስሙ የሚጠራውን አማካሪ ድርጅት ካቋቋመ ጀምሮ፣ ደንበኞችም ሒሳቡ በመጣ ቁጥር ይህንኑ ይጠይቃሉ። እኔም የአሜሪካንና የኢትዮጵያን አማካሪ የሚለየው እዚህ ላይ ነው እላለሁ፤ ጥያቄውን የሚጠይቅ ሰው መኖሩና አለመኖሩ ላይ።

አሜሪካ ውስጥ መንገዱ በዕዳ ይጀምራል። በሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት የትምህርቱ ክፍያ ብቻ በዓመት ከ70 ሺህ ዶላር ይበልጣል፤ ቤት ኪራይና ምግብ ለብቻ ናቸው፤ ትምህርቱም ሁለት ዓመት ይፈጃል። ተማሪው ገና የመጀመሪያውን መንፈቅ ሳያጋምስ አማካሪ ድርጅቶቹ ግቢውን ይሞሉታል፤ ቀጥሎ በሁለቱ ዓመታት መካከል ባለው ክረምት የሙከራ ሥራ ይመጣል። በቃለ መጠይቁ «ራስህን ግለጽ» ብቻ ብሎ የሚያልፍ የለም። «አንድ የቢራ ፋብሪካ ሽያጩ ሳይቀንስ ትርፉ ቀነሰ፤ ለምን ይመስልሃል?» ተብሎ ወረቀትና እርሳስ ይሰጠዋል። በተማሪ ቪዛ ለመጣ ኢትዮጵያዊ ደግሞ ሥራውን ማግኘቱ ብቻ አይበቃውም፤ በዓመት ለ85 ሺህ ሰዎች የሚወጣው የሥራ ቪዛ ዕጣ ይጠብቀዋል።

ይህ ሁሉ ግን መግቢያ እንጂ ሙያ አይደለም። ሙያው ሲገነባ ያየሁት ኦሃዮ ውስጥ፣ የመኪና መለዋወጫ በሚያከፋፍል ድርጅት መጋዘን ነው። ከትምህርት ቤት በወጣች በጥቂት ወራት ውስጥ እኛ ዘንድ የተመደበች ልጅ፣ ዕቃ የሚዘገየው በሌሊት ፈረቃ የሰው እጥረት ስላለ ነው የሚል ሥዕላዊ መግለጫ አሳየች። የመጋዘኑ ኃላፊ ጸጉሩን እዚያው ያሸበተ ሰው ነው። ባርኔጣውን አውልቆ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» አላት። ከኮምፒውተሩ መሆኑን ነገረችው። «ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ሠራተኛው ቁልፍ የተጫነበትን ሰዓት ነው፤ መኪናው የደረሰበትን አያውቅም» ሲል መለሰላት። ባለቤቱ ጣልቃ ገብቶ ክፍያችን በሳምንት ስንት እንደሆነ ያለ ይሉኝታ አስታወሰን። ልጅቱ ሌሊቱን ከጫኝና አውራጆቹ ጋር ቆማ አሳለፈች። የነገው መግለጫ ሌላ ሆነ፤ መኪኖቹ ሁሉም በተመሳሳይ ሰዓት ይመጡ ኖሯል። የትምህርት ቤቱ ክፍያ ያላስተማራትን ያ ባለባርኔጣ ሰውዬ በነጻ አስተማራት።

አሁን ወደ ቢሾፍቱ እንምጣ። ከሐይቁ ዳር ያለ ሆቴል፣ ከመድረኩ ጀርባ የተዘረጋ ባነር፣ በየወንበሩ ማስታወሻ ደብተርና እስክሪብቶ። አማካሪው ከማታ ትምህርቱ በኋላ ማስተርሱን የያዘ፣ በቀን መሥሪያ ቤት የሚሠራ ብርቱ ልጅ ነው፤ በችሎታ ከኦሃዮዋ ልጅ አያንስም። ጥናቱን አቀረበ። የሻይ ዕረፍት ሆነ። ከዕረፍት በኋላ አንድ አባት ተነሥተው «እጅግ ጥሩ ጥናት ነው፣ መድረኩንም ላዘጋጁልን እናመሰግናለን» አሉ። ሁለተኛው የፊደል ግድፈት ጠቆሙ። ሦስተኛው ሰነዱ እንዲዳብር አሳሰቡ። ውሎ አበል ተፈረመ፣ ሰነዱ መደርደሪያ ወጣ። ልጁ ተጨብጭቦለት ወደ ቤቱ ሄደ፤ በዚያ ዓመት አንድም ሰው «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» አላለውም።

ሰዎቹ ሰነፎች ሆነው አይደለም። ለጥናቱ የከፈለው ለጋሽ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ሰነዱን የሚፈልገው ቀጣዩ ገንዘብ እንዲለቀቅለት ነው። የራሱ ብር ያልወጣበት ሰው በምን ይከራከራል? ከዚህ ላይ ደግሞ ቢፒአር፣ ማለትም መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ የሚባለው አለ። ሚካኤል ሐመር የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1990 ለኩባንያዎች ያቀረበው ሐሳብ፣ እኛ ዘንድ ሲደርስ ከላይ የወረደ መመሪያ ሆነ። በ2000 ዓ.ም. ግድም መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ያስታውሳል፤ በያዘው ወንበር ላይ እንደ አዲስ ተወዳድሮ፣ ወይ ተመደበ ወይ ያለ ምደባ ተንሳፎ ቀረ። አጥኚ ቡድን መጣ ሲባል አፉን የሚዘጋው ከዚያ የተነሣ ነው፤ ለአጥኚ የነገረው ነገር በራሱ ላይ ሲመለስ አይቷል።

እዚህ አሜሪካ ያለው ሁሉ የተባረከ ነው እያልኩም አይደለም። ደንበኛው ከኪሱ ሲከፍል አማካሪው የደንበኛውን ፍላጎት ብቻ ማገልገል ይቀናዋል። ማኪንዚ ሱስ አስያዥ የሕመም ማስታገሻ ያመርት ለነበረው ለፐርዱ ፋርማ ሽያጭ እንዲጨምር በማማከሩ ለተከሰሰበት ጉዳይ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ለአሜሪካ ግዛቶች 573 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ምክሩ በተሰጠበት ክፍል ውስጥ የመድኃኒቱ ተጠቃሚዎች ወንበር አልነበራቸውም። ክርክር የሚጠቅመው የሚመለከተው ሰው ሲኖርበት ነው።

ሌላው አገር ቤት ያሉ ወጣቶች ሊቀኑበት የሚገባው ነገር መልቀቅ ነው። እዚህ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዕድገት ያላገኘ አማካሪ ሌላ ሥራ እንዲፈልግ ይነገረዋል፤ ያም እንደ ውርደት አይቆጠርም፤ የቀድሞ ድርጅቱ የነገ ደንበኛ አድርጎ ይይዘዋል። የአይቮሪ ኮስቱ ቲጃን ቲያም ከማኪንዚ ወጥቶ አገሩን በሚኒስትርነት አገለገለ፤ የ1999ኙ መፈንቅለ መንግሥት ሲያሰናክለው ወደ ማኪንዚ ተመለሰ፤ ኋላም ክሬዲት ስዊስ የተባለው የስዊዘርላንድ ባንክ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነ። እኛ ዘንድ ከመሥሪያ ቤት የወጣ ሰው «ምን አድርጎ ነው?» ይባልበታል።

በስልክ «የትኛውን ሰርተፊኬት ልያዝ?» ለሚሉኝ የአዲስ አበባ ተመራቂዎች መልሴ አጭር ነው፤ ከኪሱ የሚከፍል ደንበኛ ፈልጉ። አንዱ ሰማኝና አዳማ አጠገብ ካለ የዱቄት ፋብሪካ ባለቤት ጋር በትንሽ ክፍያ ተዋዋለ። ባለፈው ሲደውል ድምፁ ተናድዷል። ባለቤቱ ሪፖርቱን ገጽ በገጽ እያነበበ፣ «የከረጢቱን ዋጋ ከየት አመጣኸው? እኔ የምገዛው በዚህ አይደለም» እያለ ሁለተኛውን ክፍያ ይዞበታል። እኔም የከረጢቱን ደረሰኝ ይዞ ነገ በጠዋት ፋብሪካው በር ላይ እንዲገኝ ነገርኩት።