ሪቺ ቫለንስን በአደጋው ብቻ አናስታውሰው

የሜክሲኮ ዝርያ ስላለው አሜሪካዊ የሮክ ኤንድ ሮል ዘፋኝ ስለ ሪቺ ቫለንስ የሚጻፈው ደስ ይላል፣ ግን አብዛኛው ስለሞተበት የአውሮፕላን አደጋ ሆነብኝ። ልጁ እኮ በ1959 እ.ኤ.አ. አዮዋ ውስጥ ሲሞት ገና 17 ዓመቱ ነበር! ዝነኛ የሆነበት ጊዜ አንድ ዓመት እንኳ አይሞላም። በዚያች አጭር ጊዜ ግን «ላ ባምባ»ን፣ ያንን የቆየ የቬራክሩዝ (ሜክሲኮ) የሕዝብ ዘፈን፣ በኤሌክትሪክ ጊታር አስነስቶ በስፓኒሽ እንዳለ ለአሜሪካ ሬዲዮ አበቃው። የሚገርመው ስፓኒሽ አቀላጥፎ አይናገርም ነበር፤ ግጥሙን አጥንቶ ነው የዘፈነው። ለእኔ ትልቁ ነገሩ በስፓኒሽ መዝፈኑ ነው፣ ምክንያቱም ያኔ ቫለንዙዌላ የሚለው ስፓኒሽ የአባቱ ስም እንኳ ለገበያ ተብሎ ነው ቫለንስ ተብሎ ያጠረው። ያደገበት የሎስ አንጀለስ ሰፈር ፓኮይማ በስሙ ፓርክ ሰይሞለታል፣ የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽም በ2001 እ.ኤ.አ. አስገብቶታል። በጣም ዘግይተዋል! እስቲ ዛሬ ማታ ያንን የ«ላ ባምባ» የጊታር መግቢያ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ስሙት።