«ኬላ ድሮም ነበር» አትበሉኝ

ሰሞኑን ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ደግሞ መንገድ ላይ አደረ። ኬላ ላይ ገመድ ተወጥሮበት። እዚህ ክፈል፣ እዚያ ክፈል፣ ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም። ሽንኩርቱ ላብ አውጥቶ መሽተት ጀመረ። ኪሳራው ዞሮ ዞሮ እኛ ቸርቻሪዎች ላይ ወደቀ። ይህንን ሳወራ አንዱ ብድግ ብሎ «ኬላ እኮ ድሮም ነበር፤ ጭኖ አገር ላገር የሚዞረው ሲራራ ነጋዴስ መች ሳይከፍል አለፈ?» አይለኝም? ደሜ ፈላ።

አዎ፣ ነበር። ግን ምን እንደነበር እናውራ እንጂ!

በጎንደር ዘመን ከምጽዋ የተነሳ ጭነት በአድዋ አድርጎ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ ነው ጎንደር የሚገባው። ግመል ደጋውን ስለማይችል ጭነቱ ቆላው ሲያልቅ ይራገፍና በበቅሎና በአህያ ይጫናል። ነጂው በእግሩ ነው። ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ መጫኛውን ያጠብቃል። ጭነቱ ትንሽ ካጋደለ የአጋሰሱ ጀርባ ይላጣል። ገጣባ ከሆነ ደግሞ ቁስሉ እስኪሽር አይጫንም፤ ነጋዴው ከሰረ ማለት ነው። ስለዚህ ሲሰፍሩ መጀመሪያ ጭነት ይወርዳል፣ ጀርባ ይታያል፣ የሰው ራት ከዚያ በኋላ ነው። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ ቅፍለቱ፣ ማለትም አብሮ የሚጓዘው የነጋዴ ጓድ፣ ባለበት ይከርማል።

በዚህ ሁሉ ላይ ኬላ አለ። የየአገሩ ሹም መተላለፊያ በሩን ይዞ ይቀርጣል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1769 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ሲወርድ የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ ነበር። የምጽዋው ገዢ ናይቡ ግን ስጦታ አምጣ እያለ ሁለት ወር ገደማ አቆየው። ደብዳቤ የያዘው እንዲህ ከሆነ ተራው አህያ ነጂ ምን ይሆን? አሞሌ ጨው ከአፋር ሲነሳ ርካሽ ነው፣ በራቀ ቁጥር ይወደዳል። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ ይህንኑ አይቶ ጽፏል። ዛሬ ሽንኩርት ለምን ተወደደ የምትሉ፣ መልሱ ያው መንገዱ ላይ ነው።

ዘመኑን ላሳምረው አይደለም። ሽፍታው ነበር። በዚያው መንገድ ከወርቅና ከዝባድ ጋር ለባርነት የተሸጡ ሰዎች ተነድተዋል። ይህን ማንም እንዳይረሳው።

ሲራራ ግን ብቻውን አይሄድም ነበር። ነጋድራስ የሚባል አለቃ ነበረው። በሩ ላይ ሲደርሱ ከቀራጩ ጋር የሚከራከረው እሱ ነው፣ ስለ ሁሉም ሆኖ። ባለ ሁለት አህያው ምስኪን እንኳ ከቅፍለቱ ጋር ያልፋል። የዛሬው ሾፌርስ? በሌሊት፣ ከረዳቱ ጋር ብቻውን፣ ገመድ ከያዘ ጎረምሳ ፊት ይቆማል። ማን ይከራከርለት? ማኅበር አለ ይባላል፤ ገመዱ ጋ ግን ዝር ሲል አላየንም።

ደግሞስ ተከዜ ድሮም ይሞላ አልነበር? ድልድይ ተሠራለት። ሊማሊሞ ድሮም ገደል አልነበር? መንገድ ተቆረጠለት። ያኔ ማንም «ድሮም እንዲሁ ነበር» ብሎ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ገመዱ ላይ ስንደርስ ብቻ ነው ታሪክ አዋቂ የሚበዛው።

ቀረጥ አንክፈል አላልኩም። አንዴ እንክፈል፣ በደረሰኝ እንክፈል፣ ደረሰኙም ጭነቱ እስኪራገፍ ድረስ በየገመዱ ይሥራ። ይህን ማድረግ የሚችል ሥልጣን ያለው ሁሉ ዛሬውኑ ያድርገው፤ ሽንኩርቱ አይጠብቅም።