ማስተካከያ፦ የተቀላቀለ ደን ጉዳትን ይቀንሳል እንጂ አያስቀርም

ባለፈው ስለ ዘጌ ደን ስጽፍ «የተለያየ ዛፍ ያለበትን ደን ተባይ አይነካውም» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ። ትክክሉ «ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል» ነው።

አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ የሚበላ ተባይ ዋንዛው፣ ብሳናውና ቡናው ሲደባለቁበት የሚፈልገውን በቀላሉ አያገኝም። ሽታው ይምታታበታል። እሱን የሚበሉ ወፎችና ነፍሳትም እዚያው መጠለያ አላቸው። ባሕር ዛፍ ብቻ በተተከለበት ግን ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ነው። አዊ ዞን ውስጥ ዲከረንስን (ለከሰል የሚተከለውን የግራር ዓይነት) የመታው በሽታም ያገኘው እንዲህ በአንድ ዓይነት ዛፍ የተሸፈነ መሬት ነው።

ብዙ ዓይነት ዛፍ የሚበላ ተባይ ከመጣ ግን መቀላቀሉ ያን ያህል አያግደውም። እንዲያውም አንዳንዴ ከጎረቤት ዛፍ ይሸጋገራል። ይህን መዝለሌ ቆጭቶኛል፤ ለክረምቱ ችግኝ ያዘጋጃችሁ የባሕር ዳር አንባቢዎች አላችሁና።