ሳንዲ ተርንቡልን ሌባ ለማለት ማን ቸኮለ?

ሰሞኑን በአንድ የኤፍ ኤም የስፖርት ፕሮግራም የማንቸስተር ዩናይትድ የምንጊዜም አጥቂዎች ሲቆጠሩ አንድ አድማጭ ደውሎ የሳንዲ ተርንቡልን ስም አነሳ። አቅራቢው አላስጨረሰውም። «እሱማ ሜዳ ላይ ጨዋታ የሸጠ ሌባ ነው» ብሎ መስመሩን ዘጋበት። እኔም ሬዲዮኑን ዘጋሁ፤ ንዴቱ ግን እስካሁን አልበረደልኝም።

የቱ ሜዳ ላይ ነው የሸጠው? በ1915 የስቅለት ዕለት (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ዩናይትድ ሊቨርፑልን 2 ለ 0 ባሸነፈበትና ተጫዋቾች ውጤቱን አስቀድመው ተስማምተው በተወራረዱበት በዚያ ጨዋታ ተርንቡል አልተሰለፈም። ያልረገጠውን ሜዳ እንዴት አድርጎ ይሸጣል? በውርርዱ እጁ አለበት ተብሎ ዕድሜ ልክ መታገዱን አልክድም። ከዚያ በላይ ግን አንድ ቃል አልጨምርም።

ስለ ሌብነት ማውራት ካማረን ከደሞዙ እንጀምር። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ተጫዋች በሳምንት ከ4 ፓውንድ በላይ እንዳይከፈለው ከልክሎ ነበር። ከስኮትላንድ የከሰል መንደር ከኸርልፎርድ የመጣው ልጅ በ1904 ከማንቸስተር ሲቲ ጋር የኤፍ ኤ ዋንጫን አነሳ። በ1906 ደግሞ ክለቡ ከጣሪያው በላይ ከፍሎሃል ተብሎ ከ16 ጓደኞቹ ጋር ታገደ፣ ገንዘብ ተቀጣ፣ ዳግመኛ ለሲቲ እንዳይጫወት ተደረገ። ጥፋቱ የላቡን ዋጋ መቀበሉ ነው!

እገዳው ባበቃበት ቀን፣ ጥር 1 ቀን 1907፣ የዩናይትድን ማሊያ ለብሶ ገባና የቡድን ጓደኛው ቢሊ ሜሬዲዝ ያሻማውን ኳስ አስቶን ቪላ ላይ አስቆጠረ። ጨዋታው በዚያች ጎል አለቀ። በቀጣዩ ዓመት 25 የሊግ ጎል አግብቶ ክለቡን ለመጀመሪያው የሊግ ዋንጫ አበቃው። የ1909ኙን የኤፍ ኤ ዋንጫ ፍጻሜ ተመልከቱ። ጉልበቱ ተጎድቷል፣ መሰለፉ እስከ መጨረሻው ሲያጠራጥር ቆይቷል። የቡድን ጓደኛው የሃልስ ምት አግዳሚውን መትቶ ሲመለስ ማን ደረሰበት? ተርንቡል። ብሪስቶል ሲቲ 1 ለ 0 ተሸነፈ። ከ71 ሺህ በላይ ሰው ትኬት ቆርጦ ያየው ሰው የሳምንት ደሞዙ ጣሪያ ያችው 4 ፓውንድ ናት። በዚያው ክረምት ከተጫዋቾች ማኅበር ውጡ ሲባሉ እምቢ ካሉት የዩናይትድ ልጆች አንዱም እሱ ነበር። ለኦልድ ትራፎርድ ግንባታ የክለቡ ባለቤት 60 ሺህ ፓውንድ ሲያወጣ፣ በ1910 ሜዳውን በመጀመሪያዋ ጎል የመረቀው ይኸው «ሌባ» ነው።

እኔ እንደሚገባኝ ወደ ውርርዱ የገፋው ያ የደሞዝ ጣሪያ ነው፤ ማንም ከዚህ ሌላ ሊያሳምነኝ አይችልም። የአቋማሪ ድርጅት ስም ለዓመታት ደረታቸው ላይ ለጥፈው የተጫወቱ የፕሪሚየር ሊግ ክለቦችን ማሊያ ስንገዛ ኖረን፣ በዚያ ሰው ላይ ጣት የምንቀስረው በምን አንደበት ነው?

ከእገዳው በኋላ ወደ ጦር ሠራዊቱ ገባ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ግንቦት 3 ቀን 1917፣ ፈረንሳይ ውስጥ አራስ በምትባል ከተማ ግንባር ላይ ወደቀ፤ የታወቀ መቃብር የለውም፣ ስሙ እዚያው የመታሰቢያ ግንብ ላይ ተቀርጿል። ጦርነቱ ሲያበቃ የእግር ኳስ ማኅበሩ ራሱ እገዳውን አነሳለት። የከሰሰው አካል የተወውን ክስ የእኛው አቅራቢ በምን ሥልጣን ነው መልሶ የሚጭንበት?

ለዩናይትድ 101 ጎል አግብቷል። ያ አድማጭ ስሙን ማንሳቱ ትክክል ነበር። መልሳችሁ ደውሉለትና የጀመረውን ይጨርስ።