አንበሳ አራት እግር አለው

ከትናንት ጀምሮ አንድ ቀይ እስክሪብቶ ሆዴን እያቃጠለው ነው።

የሦስተኛ ክፍል ልጄ «ስለ አንበሳ ታሪክ ጻፉ» ተባለች። ባለፈው ክረምት ከአያቷ ጋር ከለገሃር ሲመለሱ ዝናብ ይዟቸው ብሔራዊ ቴአትር ደጃፍ ተጠልለው ነበር። እዚያ ያለውን ረጅሙን የድንጋይ አንበሳ ታውቁታላችሁ፤ በ1948 ዓ.ም. የአፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥና 25ኛ ዓመት ሲከበር የቆመውን። እንዲህ ጻፈች፦

«ከአንበሳው አገጭ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። እያለቀሰ ነው? ብዬ አያቴን ጠየቅኋት። ነጠላዋን እየጨመቀች፣ ድንጋይ አያለቅስም፣ ይልቅ አፍንጫሽን ጥረጊ አለችኝ። ሊስትሮው ሣጥኑን አናቱ ላይ ደፍቶ ሲሮጥ ብሩሹ ወደቀበት።»

ውጤት፦ ከ10፣ 4። ከሥሩም በቀይ፦ «ከርዕስ ውጭ! አንበሳ የዱር እንስሳ ነው።»

10 ያገኙት «አንበሳ የዱር እንስሳ ነው። አራት እግር አለው። ሥጋ ይበላል» ብለው ከሰሌዳ የገለበጡት ናቸው። እኔም በልጅነቴ ስለ ላም ይህንኑ ጽፌ ተጨብጭቦልኛል፤ ላሟ ግን የማን እንደነበረች እስካሁን አላውቅም።

ትምህርት ቤት ሄድኩ። መምህርቷ ክፉ ሰው አይደለችም። «እህቴ፣ ስድሳ ደብተር ነው የማርመው፤ ሁሉም የየራሱን ከጻፈ መቼ አልቆልኝ ልተኛ ነው?» አለችኝ። ስድሳ ደብተር ቀልድ አይደለም፣ አዘንኩላት። ግን ማረም ካቃተ መሰረዝስ ምን የሚሉት ነው? «ሊስትሮው ብሩሹን አገኘው ወይ?» ብሎ ኅዳጉ ላይ ለመጻፍ የሚፈጀው ቀለም «ከርዕስ ውጭ» ከሚለው ብዙም አይበልጥም። ልጅቷም መልሱን ለመጻፍ ወንበሯ ላይ ትንቆራጠጥ ነበር።

ደግሞ ይህ ከውጭ የመጣ ጥበብ አይደለም። «ተረት ተረት» ስትል «የላም በረት» ብለን ስንቀበላት፣ የትኛዋ አያት ናት «ጅብ የዱር እንስሳ ነው» ብላ የጀመረችው? ጅቡ ሲያነክስ ታነክሳለች፣ ድምፁን ታጎረናለች፣ አህያዋ በየትኛው በር እንደገባች ትነግረናለች። 231 ፊደል አስቆጥረን ስናበቃ ልጆቹ ያዩትን እንዳይጽፉበት የምንከለክለው ለምን ይሆን?

ትናንት ማታ ደግሞ የቤት ሥራው «ዝናብ» ነበር። በረዶው ቆርቆሮውን ሲደበድበው መስኮቱ ላይ ተለጥፋ፣ «እማዬ፣ የጎረቤት ድመት ባልዲ ውስጥ ገባች!» እያለች ስትስቅ አመሸች። ከዚያ ደብተሯን አወጣች። «ዝናብ ከሰማይ ይዘንባል። ለእርሻ ይጠቅማል።»

«ድመቷስ?» አልኳት።

«እሷማ ከርዕስ ውጭ ናት» ብላ ደብተሩን ዘጋችው።